ብስክሌታችን ለምን አትሸጥም?

(ለንደን ውስጥ በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በብስክሌት ቡድኑ ስም የቀረበ ንግግር)



በመጀመሪያ ይህን ሰዓት ለፈቀዱልን ሰብሳቢያችንና ቡናውን ላፈሉልን እህቶች ምስጋናችን ይድረስ። ዛሬ የምንናገረው በአዳራሹ መግቢያ ላይ ቆማ ስላያችኋት አረንጓዴ ብስክሌት ነው። እንደምታውቁት አንድ የድሮ ብስክሌት ሰብሳቢ አይቷት "ልግዛት" ብሎ ጠይቆናል። ያቀረበው ዋጋ ለማኅበራችን ካዝና ቀላል አይደለም፤ የአዳራሹን ኪራይ ለተወሰነ ጊዜ ሊሸፍን ይችላል። ኮሚቴው ነገሩ በአባላት ድምፅ ይወሰን ስላለ፣ እጅ ከማውጣታችሁ በፊት ይህች ብስክሌት ምን እንደሆነች፣ እንዴት እንደዳነችና ለማን እንደምታገለግል ልንነግራችሁ ቆመናል። አቋማችንን ከወዲሁ እንግለጽ፤ አትሸጥ ባዮች ነን።

ብስክሌቷን የሰጡን የአንዲት አባላችን ጎረቤት የሆኑ እንግሊዛዊት አዛውንት ናቸው። ቤት ሲለቁ ከጋራዡ ጥግ ወጣች፤ ኒኬሏ በዝገት ተሸፍኗል፣ ጎማዋ ተሰነጣጥቋል፣ የመቀመጫዋ ዘንግ ከአካሏ ጋር ተጣብቆ አልነቃነቅ ብሏል። "ለቁራሌው ከምትሰጡት ለማኅበሩ ይስጡን" ብላ ያመጣቻት እህታችን ነች።

ይህ ዓይነት ብስክሌት ራሌይ ትዌንቲ ይባላል። ራሌይ በ1880ዎቹ በኖቲንግሃም ከተማ የተነሣ ኩባንያ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው አነስተኛው ወርክሾፕ ከነበረበት ከራሌይ ጎዳና ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1962 አሌክስ ሞልተን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ትንንሽ ጎማ ያለው ብስክሌት አውጥቶ ገበያውን ቀየረው። እስከዚያ ድረስ ትንሽ ጎማ የልጆች ተደርጎ ይታይ ነበር። ራሌይም በ1965 የራሱን ባለ ትንሽ ጎማ አወጣ፤ በ1967 የሞልተንን ብስክሌት ሥራ ጠቀለለ፤ በ1968 ደግሞ ትዌንቲን ለገበያ አቀረበ። ትዌንቲ ማለት ሃያ ነው፤ ስሙ የጎማውን ሃያ ኢንች ያመለክታል። እንደኛዋ መሐሏ ላይ የምትታጠፈው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለች።

የእኛዋን ዕድሜ ያወቅነው ከኋላ ጎማዋ መሐል ነው። ማርሹ ያለው በዚያ በርሜል በሚመስለው ብረት ውስጥ ነው፤ ስተርሚ አርቸር የሚባል፣ ይኸው የኖቲንግሃም ሰዎች የሠሩት ባለ ሦስት ማርሽ ነው። ፋብሪካው በብረቱ ላይ የተሠራበትን ዓመት ይመታበት ነበር። ዝገቱንና ቅባቱን ስንጠርገው 74 የሚል ቁጥር ወጣ። 1974 ማለት በእኛ 1966 ዓ.ም. ነው፤ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት። ከመካከላችን የዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት የነበሩ አሉ፣ ገና ያልተወለድንም አለን።

አሁን ወደ ጥገናው እንለፍ። ዕቃውን መፍታት ስንጀምር አንድ ነገር ገረመን። አብዛኞቻችን በሕይወታችን ብስክሌት ላይ ወጥተን አናውቅም፤ ቃላቱን ግን እናውቃቸዋለን። ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ካቻቢቴ፣ ፓራፋንጎ። ከጣሊያንኛ መጥተው በአገራችን ጋራዦችና ጎሚስታ ቤቶች የቀሩ ቃላት ናቸው። ከአባቶቻችንና ከወንድሞቻችን አፍ እየሰማን አደግን። ቃሉን ሰምተናል፤ መፍቻውን ግን የሰጠን አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ በአዳራሹ ጓዳ ተሰብስበን መፍቻውን ስንይዝ፣ ቃላቱ ከየነበሩበት እየወጡ ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

ከዝገቱ ጀመርን። ለኒኬል ዝገት ውድ መድኃኒት አያስፈልግም። የምግብ መጠቅለያውን ፎይል ጨምድዶ ውኃ እየነከሩ ቀስ አድርጎ ማሸት ነው፤ ፎይሉ ከኒኬሉ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ሳይቧጭር ዝገቱን ያነሣዋል። ድስት ስታበራ የኖረች እጅ ይህን ለመማር ጊዜ አይፈጅባትም። የተጣበቀውን የመቀመጫ ዘንግ ደግሞ በዝገት ማላቀቂያ ዘይት እያራስን ቀናት ታገሥነው። መዶሻ ያነሣ አልነበረም። በአራተኛው ቀን አንዲት እናታችን ግራና ቀኝ ወዘወዝ ስታደርገው "እሺ" አለ።

ከባዱ ሥራ የፔዳሉ ዘንግ ያለበት ክፍል ነበር። በዚያ ዘመን የፔዳል ክንዶች ከዘንጉ ጋር የሚያያዙት በቡሎን ሳይሆን በብረት ሽብልቅ ነው። ሽብልቁን ለማውጣት ሥሩ ጠንካራ መደገፊያ ካልተደረገለት፣ ምቱ ሁሉ የሚያርፈው ኩሽኔታው ላይ ነው። የራሌይ ጥርስ አቆራረጥም የብቻው ስለሆነ ከዘመኑ ሱቅ የሚገዛ ዕቃ አይገጥምለትም፤ ያለውን አጥቦና ግራሶ ቀብቶ መመለስ ይሻላል። እንክብሎቹን በየጎኑ 11 ቆጥረን በሁለት ሲኒ ለየናቸው። በላምባ ታጥበው ሲወጡ እንደ አዲስ አብረቀረቁ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የጎማውን ነገር በተለይ ልብ በሉልን፤ የድሮ ብስክሌት ለመጠገን ለምታስቡ ገንዘብ ያድናል። "ሃያ ኢንች" ተብሎ የሚሸጥ ጎማ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በጎማው ጎን 37-451 ተብሎ የተጻፈ አለ፤ 406 በሚል ቁጥር የሚያበቃም አለ። ሁለቱም ሃያ ኢንች ይባላሉ፣ አንዱ በአንዱ ቸርኬ ላይ ግን አይገባም። የእኛዋ 451 ነች። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ።

ማርሹን ስናስተካክል ደግሞ ያየነው ብልሃት ነው። መካከለኛው ማርሽ ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዳለ ይነዳል። ዝቅተኛው ዳገቱን በሩብ ያህል ያቀለዋል፣ ከፍተኛው በሲሶ ያህል ያፈጥናል። ቆመውም መቀየር ይቻላል፤ መብራት ላይ ቆመን ወደ ቀላሉ መመለስ እንችላለን ማለት ነው። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ገመዱ ልኩን ካልያዘ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ባዶ ቦታ አለ፤ ፔዳሉ ምንም ሳይነዳ ይሾራል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ላይ የቆመች ሴት ልትወድቅ ትችላለች። ልኩን ለማግኘት መካከለኛው ላይ አድርጎ በቀኝ በኩል ባለው ዳዶ ቀዳዳ ውስጥ መመልከት ነው፤ ሰንሰለቷን የያዘችው ዘንግ ትከሻ ከአክስሉ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። በወር አንድ ጊዜ ጥቂት ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት በትንሿ ክዳን በኩል ይጨመርለታል። የወጥ ዘይት ግን አይሆንም፤ እየቆየ ይሞጫሞጫል።

ፍሬኑ ላይ ገንዘብ አውጥተናል፤ አንቆጭም። የድሮው ቸርኬ ብረት ነው። ብረት በዝናብ ሲርስ የፍሬኑ ላስቲክ ያንሸራትታል፣ ለንደን ደግሞ ዝናቡን ታውቁታላችሁ። የፊተኛውን ቸርኬ በአልሙኒየም አስቀየርን፣ ላስቲኮቹን ሁሉ አዲስ አደረግን። የኋላው አሁንም ብረት ስለሆነ በዝናብ ቀን ፍሬኑን ቀደም ብሎ፣ መጀመሪያ ለስለስ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ያ ውኃውን ይጠርገዋል።

እህቶቻችን፣ ይህን ሁሉ የዘረዘርነው መካኒክ ሆንን ለማለት አይደለም። ብዙዎቻችን ልጅ ሳለን ብስክሌት አትንኪ ተብለናል። "ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ላይ አትቀመጥም"፣ "ክብርሽን ታጠፊያለሽ" ይሉን ነበር። ምን ለማለት እንደፈለጉ ትልልቆቻችሁ ታውቃላችሁ። የልጅነት ድንግልና ከኮርቻ ጋር ምን እንዳገናኘው የጠየቀ አልነበረም። ወንድሞቻችን በሰፈር ሜዳ ሲከራዩ እኛ ቆመን ተራ ጠባቂ ነበርን፤ ተራው ግን አልመጣም።

ይህ የእኛ ብቻ ነውር እንዳይመስላችሁ። እዚሁ እንግሊዝ አገርና አሜሪካ፣ በ1890ዎቹ ሴቶች ብስክሌት ሲጀምሩ፣ ሐኪሞች ሳይቀሩ "የብስክሌት ፊት" የሚባል በሽታ ይይዛችኋል እያሉ ያስፈራሩ ነበር፤ ዐይን ይፈጣል እያሉ። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ሴቶች መሪ የነበሩት ፍራንሲስ ዊላርድ ብስክሌት የተማሩት በ53 ዓመታቸው ሲሆን፣ እንዴት እንደተማሩም በ1895 መጽሐፍ ጽፈዋል። ስለዚህ "አልፎብናል" የምትሉ እናቶቻችን፣ አላለፈባችሁም።

እኛ ያየነው ነገር ቢኖር፣ ፈትተን የገጠምነውን ነገር እንደ ባዕድ አለመፍራታችንን ነው። ፍሬኑ በየትኛው ገመድ እንደሚይዝ በእጇ የሠራች ሴት ቁልቁለት ላይ እጇ አይንቀጠቀጥም። ማጠፊያው በደንብ መቆለፉን የምታውቀው ራሷ ስለቆለፈችው ነው። መጀመሪያ መንዳት ብንማር ኖሮ ድፍረቱን ከሌላ ሰው መበደር ይኖርብን ነበር።

መንዳቱንም በቀላል መንገድ ተማርነው። ፔዳሎቹን ፈታናቸው። (የግራው ፔዳል እንደ ሌላው ቡሎን አይፈታም፤ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚላቀቀው።) መቀመጫውን ዝቅ አድርገን ሁለት እግራችን መሬት እየነካ በመናፈሻው ሜዳ ላይ እየገፋን ሄድን። እግር ከመሬት የሚነሣበት ጊዜ ቀስ በቀስ እየረዘመ ይመጣል። ሚዛኑ ሲገኝ ፔዳሉን ገጠምን። ዐይን ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎማ አይመለከትም፤ ጎማውን ያየች ወደ ጎማው ትወድቃለች። የዚች ብስክሌት አካል ዝቅ ያለ ስለሆነ እግር ወደ ላይ ማንሣት የለም፤ ቀሚስ ለብሳ የምትነዳም አለች። መቀመጫዋና መሪዋ ከፍና ዝቅ ስለሚሉ ረጅሟም አጭሯም በአንድ ብስክሌት እንገለገላለን። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ለመውጣት ካውንስሉ ለአዋቂዎች በነጻ የሚሰጠውን ሥልጠና ወስደናል። ብዙ የለንደን ካውንስሎች ይህን ይሰጣሉ፤ ጠይቁ።

ስለ መንገዱ ሦስት ነገር ብቻ እንበል። አንደኛ፣ አገራችን በቀኝ ነበር የሚነዳው፣ እዚህ በግራ ነው፤ ጭንቅላት ያወቀውን ሰውነት ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ከቆሙ መኪኖች የአንድ በር ስፋት ያህል ራቁ፤ በሩ በድንገት ይከፈታል። ሦስተኛና ዋነኛው፣ በትልቅ የጭነት መኪና ግራ ጎን በፍጹም አትግቡ። ሾፌሩ አያያችሁም፤ ወደ ግራ ሲታጠፍ መውጫ የለም። ይለፍ፣ እንጠብቅ። ማታ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ሕግ ነው። በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳት አይፈቀድም።

አሁን ብስክሌቷ ማንን እንደምታገለግል እንንገራችሁ። ስም አንጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

አንዲት እህታችን ቢሮ ታጸዳለች። ሥራዋ የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። የምድር ባቡሩ ገና አልጀመረም፤ ሁለት የሌሊት አውቶቡስ ትቀያይር ነበር፣ አንዱ ካመለጣት ቀኑን ሙሉ አለቃዋ ፊት ስትሳቀቅ ትውላለች። አሁን ሳምንቱን ሙሉ ባይሆን እንኳ ተራዋ ሲደርስ በብስክሌት ትሄዳለች። ሲመለስ ባቡር ቢያሰኛት አጥፋት ትገባለች፤ የታጠፈ ብስክሌት በምድር ባቡር በማንኛውም ሰዓት ይፈቀዳል፣ የማይታጠፈው ግን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ በጥልቁ መስመር ላይም አይፈቀድም።

ሌላዋ እናታችን ጉልበቷን ያማታል፤ ገበያ ደርሳ ለመመለስ ሦስት ቦታ ትቀመጥ ነበር። በዝቅተኛው ማርሽ ሲሆን ግን እግሯ ክብደቷን ስለማይሸከም ይቀላታል። ሽንኩርቷንና ጤፏን ከኋላ ጭና ትመጣለች።

ሦስተኛዋ እህታችን ባለቤቷ በመኪና ካላደረሳት ከቤት የማትወጣ ነበረች። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ግን ለእንግሊዝኛ ትምህርትም፣ ለሐኪምም፣ ለለቅሶም፣ ለእኛ ስብሰባም የእሱን ሰዓት መጠበቅ ነበረባት። እሱ ማታ ሥራ ሲገባ ትምህርቷ ተቋረጠ። ዛሬ ሁለተኛውን ደረጃ ጨርሳለች። ባለቤቷም ባለፈው ቅዳሜ ጎማ ሊነፋልን መጥቶ ነበር፤ መንፊያውን አልሰጠነውም እንጂ።

ጉድለቷንም አንደብቅም። ከባድ ነች፤ ከ15 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። አሁን የሚሸጡትን አዳዲስ ተጣጣፊዎች ያህል አታንስም። አሳንሰር የሌለው ፎቅ ላይ ለብቻ ማውጣት ያደክማል። ነገር ግን በዚህ ከተማ ውጭ የታሰረ ብስክሌት አድሮ ላይገኝ ይችላል፤ እሷ ግን ታጥፋ ኮሪደር ውስጥ ከካፖርት ሥር ታድራለች።

ታዲያ ለምን አትሸጥ እንላለን? ሰብሳቢው ቅን ሰው ነው፤ እንደሚንከባከባት አንጠራጠርም። ግን ግድግዳ ላይ ሊሰቅላት ነው። የኪራዩ ገንዘብ በጥቂት ወራት ያልቃል፤ በዚያን ጊዜ ኪራዩም ይቀጥላል፣ ብስክሌቷም የለችም። ገንዘብ እንደሚያስፈልገን እናውቃለን፤ ገንዘብ ያዣችን በየወሩ የምታስበውን እናያለን። ስለዚህ ባዶ እጃችንን አልመጣንም፤ ሐሳባችን ይህ ነው።

በጓዳው ሁለት ሌሎች የድሮ ብስክሌቶች አሉ። እነሱን እንጠግንና እንሽጥ። ካዝናው የሚሞላው በሥራችን ይሁን፤ ከዚያ በኋላም ሦስተኛና አራተኛ ማምጣት እንችላለን። ይህችኛዋ ግን የጋራችን ሆና ትቆይ። የተራ መዝገብ ይኑራት፤ ሌሊት ሥራ የሚገቡ ይቅደሙ። የምትወስዳት ሁሉ ከመውጣቷ በፊት አምስት ነገር ትመርምር፦ ጎማው አየር አለው? ሁለቱም ፍሬን ይይዛል? ማጠፊያው ተቆልፏል? ማርሹ ልኩን ይዟል? መብራቱ ይበራል? ይህን ለማታውቅ ቅዳሜ ጠዋት እናሳያለን።

አባቶች "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ" ይላሉ። አንዲት ብስክሌትም እንደዚያው ነች። ለአንድ ሰብሳቢ አንድ ተጨማሪ ዕቃ ትሆናለች። ለእኛ የአንዷ የሌሊት መንገድ፣ የሌላዋ ጉልበት፣ የሦስተኛዋ ትምህርት ሆናለች። በተራ መዝገቡ ላይ ደግሞ ገና ያልተጻፉ ስሞች አሉ፤ ከእነሱ መካከል የእናንተ እንዲኖር እንመኛለን።

ውሳኔው የእናንተ ነው። ሽጡ ብትሉም እናከብራለን፤ አጥበንና ዘይት ቀብተን እናስረክባለን። ግን እጅ ከማውጣታችሁ በፊት እባካችሁ ወደ በሩ ሄዳችሁ አንድ ጊዜ ማጠፊያዋን ከፍታችሁ ዝጉ። በጣም ቀላል ነው፤ አንዲት ልጅ ትችለዋለች።